ወረቀት ሳይወጣ «ታትሟል» ይባላል፦ ብራውዘር ውስጥ የማተም ስህተት የት ነው የሚጠፋው?

ጥያቄው፦
«ለአንድ የግል ክሊኒክ የካሸር ሲስተም የሚሠራ ትንሽ ቡድን ውስጥ ነኝ። ካሸሮቹ የሚጠቀሙት ፋየርፎክስ ነው። ግማሹ ኮምፒውተር ዊንዶውስ፣ ግማሹ ኡቡንቱ ነው። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ወይም ወረቀት አልቆ ደረሰኝ ፕሪንት ሲደረግ፣ አንዳንዴ በማተም ላይ ስህተት ተፈጥሯል የሚል መልእክት ይመጣል። አንዳንዴ ግን ምንም አይመጣም። እኛ አፍተርፕሪንት የሚባለውን ኢቨንት ጠብቀን ዳታቤዝ ላይ "ደረሰኙ ታትሟል" ብለን እንጽፋለን። ወር ሲያልቅ በእጅ ያለው ደረሰኝና የተመዘገበው አይገናኝም። ሲ ፕላስ ፕላስ እችላለሁ፤ የፋየርፎክስን ኮድም አውርጄ ከፍቼዋለሁ። ስህተቱ የት ነው የሚጠፋው? ኮዱን ላሻሽል ብል ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ የብራውዘሩ ኮድ ጉዳይ ነው። እሱ ይሻሻላል፤ ሥራም ሞልቷል። ሌላው ግን የትኛውም ብራውዘር ሊመልስልሽ የማይችል ነው። ዳታቤዛችሁ ዛሬውኑ እንዲተርፍ እሱን ላስቀድም።

አፍተርፕሪንት ብራውዘሩ ለድረ ገጹ የሚልከው ምልክት (ኢቨንት) ነው፤ ወረቀቱ ስለ መውጣቱ ግን የሚናገረው የለም። ካሸሯ «ፕሪንት» የሚለውን ብትጫን ይነሳል። ሐሳቧን ቀይራ ብትሰርዘውም ይነሳል። ሁለቱን የሚለይ ምንም ምልክት ውስጡ የለም። የፕሪንት ትእዛዙ ራሱም በኤችቲኤምኤል ስታንዳርዱ መሠረት የሚመልሰው ነገር የለም። ይህን ኢቨንት ፋየርፎክስ በ2011፣ ክሮም በ2017፣ ሳፋሪ በ2019 ነው ያስገቡት፤ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም የሚል ወሬ ግን አንዳቸውም ጋ አይገኝም።

ይሄ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የከፈትኩት ድረ ገጽ ሁሉ ማተሜን አለማተሜን፣ ስንት ፕሪንተር እንዳለኝ፣ ስማቸውም ማን እንደሆነ ቢያውቅብኝ ደስ አይለኝም። ስለዚህ «ታትሟል» የሚለውን ምዝገባ ከአፍተርፕሪንት ላይ አንሱት። በምን እንደምትተኩት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ።

ማተም ከውጭ ሲያዩት አንድ ድርጊት ይመስላል። ውስጡን ስታዪው የዱላ ቅብብል ነው። ፋየርፎክስ መጀመሪያ የገጹን ግልባጭ ይሠራል። ወረቀት ላይ የሚወጣው ያ ግልባጭ ነው እንጂ ስክሪን ላይ ያለው ገጽ አይደለም። ግልባጩ ላይ ጃቫስክሪፕት አይሮጥም፤ በመሃል ገጹ ቢቀየርም የሚታተመው አይለወጥም። ቀጥሎ ግልባጩ በወረቀቱ ልክ እንደገና ይደረደራል። ኅዳጉ፣ ገጹ የሚቆረጥበት ቦታ፣ ራስጌና ግርጌው እዚህ ይወሰናል። ከዚያ ገጽ በገጽ ይሳላል።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ድረ ገጹን የያዘው ፕሮሰስ ሳንድቦክስ፣ ማለትም ለደህንነት የታጠረ ክልል፣ ውስጥ ስለሆነ ፕሪንተር መንካት አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉን ራሱን አይሥልም፤ የሥዕል ትእዛዞቹን ይቀዳል። «ይህን ፊደል እዚህ አስቀምጥ፣ እዚያ ጋ መስመር አስምር» የሚል ቅጂ ለእያንዳንዱ ገጽ አዘጋጅቶ ወደ ዋናው ፕሮሰስ ይልካል። ዋናው ፕሮሰስ ቅጂውን መልሶ እያጫወተ እውነተኛው ማተሚያ ላይ ይሥለዋል። ዊንዶውስ ላይ ይህ የሚሆነው ጂዲአይ በሚባለው የሥዕል ክፍሉ በኩል ነው፤ ማክ ላይ በኮር ግራፊክስ። ሊኑክስ ላይ ገጾቹ አንድ ጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ይጠራቀሙና ጂቲኬ በሚባለው የመስኮት ላይብረሪ በኩል ለካፕስ፣ ለሊኑክስ የማተሚያ ሲስተም፣ ይሰጣሉ። ከዚያ ወዲያ የማተሚያ ሥራዎችን ወረፋ የሚያስይዘው ስፑለር አለ፣ ድራይቨሩ አለ፣ ኬብሉ ወይም ኔትወርኩ አለ፣ በመጨረሻም መሣሪያው። ብራውዘሩ ዱላውን ለስፑለሩ ካቀበለ በኋላ የቀረውን ሩጫ አያይም።

የፋየርፎክስ ሞተር የሆነው የጌኮ ኮድ የሲ ፕላስ ፕላስን ኤክሴፕሽን አይጠቀምም። ፈንክሽኖቹ ስህተት የሚያሳውቁት በሚመልሱት ቁጥር ነው። ቁጥሩ 32 ቢት ነው። «ደህና» ሊል ይችላል። «ምንም ፕሪንተር የለም»፣ «በዚህ ስም ፕሪንተር አልተገኘም»፣ «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም»፣ «ሰነዱን ማስጀመር አልተቻለም» ሊልም ይችላል። እነዚህ ለማተም ብቻ ተለይተው የተቀመጡ ኮዶች ናቸው፤ በደንብ ተለይተዋል። ታዲያ ስህተቱ ሲወለድ ትክክለኛ ስም ኖሮት ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ለምን ስም የለሽ ይሆናል? መንገድ ላይ ስለሚጣል ነው። የሚጣልበትን ቦታ ለማግኘት ሦስት ነገር ፈልጊ።

አንደኛው መልስን አለመቀበል ነው። ፈንክሽኑ ይጠራል፣ ቁጥሩን ይመልሳል፣ የሚያየው የለም። «ሰነድ ጀምር» ላይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። «ገጽ ጨርስ» እና «ሰነድ ጨርስ» ላይ ሲደረስ ግን እጅ ይላላል፤ ሥራው ያለቀ ስለሚመስል ነው። ማተም ላይ ደግሞ ትልልቁ ስህተት የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ላይታወቅ ይችላል፤ እስከዚያ ዳታው ባፈር ውስጥ ነበራ።

ለፒዲኤፍ የሚያገለግለው ካይሮ የሚባል ላይብረሪ ጋ ነገሩ ይብሳል። ካይሮ ላይ ሰርፌሱ (የሚሣልበት ገጽ) አንዴ ስህተት ውስጥ ከገባ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የምትልኪው የሥዕል ትእዛዝ ሁሉ ምንም ሳያደርግ በዝምታ ይመለሳል። አርባ ገጽ ሥለሽ ትጨርሻለሽ፣ አንድም ቅሬታ አትሰሚም፣ ፋይሉን ስትከፍቺው ባዶ ነው ወይም ተቆርጧል። ማወቂያው ሰርፌሱን ከዘጉ በኋላ ሁኔታውን በግልጽ መጠየቅ ነው። ይህን ሳይጠይቅ «ተሳክቷል» የሚል ኮድ ካገኘሽ የመጀመሪያ ፓችሽን (የምትልኪውን የኮድ ማሻሻያ) አገኘሽ ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ቸልታ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 ኖዲስካርድ የሚባል ምልክት ሰጥቶናል። ፈንክሽኑ ላይ ትለጥፊዋለሽ፤ መልሱን የጣለ ሰው ሁሉ ከኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። እኔ የማላውቀው ኮድ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን ነው። አንድ ፈንክሽን ላይ ምልክቱን አድርጎ ቢልድ ማድረግ፣ ከዚያ የሚወጣውን የማስጠንቀቂያ ጎርፍ ማንበብ። ስህተቱ የሚፈስበትን ቀዳዳ ሁሉ ያለ ምንም ድካም ያሳይሻል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ጌኮ ውስጥ «ስህተት ከሆነ አስጠንቅቅ» የሚል ማክሮ በየቦታው ታያለሽ። እሱ የሚጮኸው በዲበግ ቢልድ፣ ለኮድ ጸሐፊዎች መፈተሻ በሚሠራው ቅጂ፣ ላይ ብቻ ነው። ክሊኒኩ ያለው ፋየርፎክስ ላይ ድምፁ የለም። ማክሮው ካለ በኋላ ስህተቱ ወደ ጠሪው መመለሱን ካላረጋገጥሽ ተይዟል ብለሽ አትለፊው።

ሁለተኛው የስም ለውጥ ነው፤ ካየኋቸው ሁሉ ተንኮለኛው እሱ ነው። ዝቅ ያለው ፈንክሽን «የፕሪንተሩ ስም አልተገኘም» ይላል። ከላዩ ያለው ያንን ተቀብሎ «አልተሳካም» የሚል ጠቅላላ ኮድ ይመልሳል። ኮዱ ስህተቱን አልዋጠውም፤ አደብዝዞታል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የጂዲአይ ፈንክሽኖች የሚመልሱት መሳካት አለመሳካቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን ለብቻ፣ «የመጨረሻው ስህተት» ከሚባለው ቦታ ማንበብ አለብሽ። እሱን ደግሞ ወዲያው ነው ማንበብ ያለብሽ። በመሃል ሎግ ልጻፍ፣ ሜሞሪ ልልቀቅ ካልሽ ሌላ ጥሪ ሊደመስሰው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን መጀመሪያ ያዢ፣ ጽዳቱን በኋላ።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላሳይሽ። ዊንዶውስ ላይ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚባለውን ፕሪንተር ስትመርጪ የፋይል ማስቀመጫ መስኮት ይመጣል። እሱን ብትሰርዢው ሰነዱን የሚያስጀምረው የጂዲአይ ጥሪ ይከሽፋል። የመጨረሻውን ስህተት ስታነቢ 1223 ታገኚያለሽ፤ ተጠቃሚው ሰረዘ ማለት ነው። ይህን «አልተሳካም» ወደሚለው ከቀየርሽው፣ ሰውየው ራሱ ፈልጎ ለሰረዘው ነገር የስህተት መልእክት ይደርሰዋል። ይሄ ያናድዳል እንጂ ጉዳት የለውም።

የተገላቢጦሹ ነው ጉዳት ያለው። ጌኮ ውስጥ አንድ ዝምተኛ ኮድ አለ፦ «ተቋርጧል» የሚለው። የማተሚያው ክፍል ይህ ኮድ ሲመጣለት ያለ ምንም መልእክት ሥራውን ይዘጋል። ትክክል ነው፤ ሰረዝኩ ላለ ሰው ምን ይነገረዋል? አሁን አንድ ፕሮግራመር እውነተኛ ስህተት ገጥሞት፣ ለጊዜው ብሎ «ተቋርጧል» ብሎ ቢመልስስ? ስህተቱ እንደ ስረዛ ተቆጥሮ በጸጥታ ይቀበራል። «አንዳንዴ ምንም አይመጣም» ያልሽው ነገር ብራውዘሩ ውስጥ ከሆነ የተፈጠረው፣ መጀመሪያ የምፈልገው እዚህ ነው። ይህን ኮድ የሚመልሱትን መስመሮች ሰርችፎክስ (የፋየርፎክስ ኮድ መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ በሙሉ አውጪያቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ እዚህ ጋ የሰረዘው ሰው አለ? ሰው ከሌለ ኮዱ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ስህተቱ ሲፈጠር ጠሪው ፈንክሽን «ደህና» ብሎ ከተመለሰ ቆይቷል። ሊኑክስ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ጂቲኬ የማተሚያ ሥራውን ሲቀበል ቶሎ ይመልስልሽና ላኩን ከበስተጀርባ ይቀጥላል። ሲጨርስ አስቀድመሽ የሰጠሽውን ኮልባክ (ሥራው ሲያልቅ የሚጠራ ፈንክሽን) ይጠራል፤ ችግር ካለ የስህተቱን ኦብጀክት አብሮ ያቀብላል። ኮልባኩ ጊዜያዊ ፋይሉን ሰርዞ ብቻ የሚመለስ ከሆነ፣ ያቀበለውንም ስህተት ካላየ፣ ነገሩ እዚያው ሞተ። ተጠቃሚው ደግሞ መስኮቱን ከዘጋ ቆይቷል። በሁለቱ ፕሮሰሶች መካከልም ያው ነው። ዋናው ፕሮሰስ ሰባተኛው ገጽ ላይ ቢከሽፍ፣ ገጾቹን የሚልከው ፕሮሰስ መስማት አለበት። ካልሰማ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን መላኩን ይቀጥላል። ገጾቹን የሚልከው ፕሮሰስ ራሱ ቢሞት ደግሞ የመገናኛው መስመር መቋረጥ እንደ ስህተት መቆጠር አለበት። ዊንዶውስ ላይ ለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥሪዎች አሉ፤ አንዱ ሰነዱን በሰላም ይጨርሳል፣ ሌላው ያቋርጠዋል። ሰው ተሳስቶ የመጀመሪያውን ከጠራ ግማሽ ደረሰኝ ይወጣል። ለካሸር ግማሽ ደረሰኝ ካልወጣው ይከፋል፤ አንዳንዴ ድምሩ ሳይኖር ዝርዝሩ ብቻ ይታተማል።

ይህን ስታስተካክዪ ሌላ አደጋ ላይ እንዳትወድቂ። የማተሚያው ኮድ በየመሃሉ ኢቨንት ይልካል። ኢቨንቱን የሚሰማ ኮድ ደግሞ መስኮቱን ሊዘጋ ይችላል። ስትመለሺ የማተሚያ ኦብጀክትሽ ከሜሞሪ ተሰርዞ ይጠብቅሻል፤ ብራውዘሩ ክራሽ ያደርጋል። የሞዚላ ሰዎች ለዚህ አንድ ዘዴ አላቸው፦ ፈንክሽኑ እስኪያልቅ ኦብጀክቱን በአንድ ተጨማሪ ሪፈረንስ አንቆ መያዝ። ቫሪያብሉን «ኩንግ ፉ ዴዝ ግሪፕ» ብለው ነው የሚጠሩት። ኮዱን ስታነቢ ይህን ስም አግኝተሽ ቀልድ መስሎሽ እንዳታጠፊው።

የስህተት መንገድ ላይ ጽዳት የሚጀምረው ከጥንድነት ነው። ለተጀመረ ሁሉ መጨረሻ አለ፤ ላልተጀመረ ግን መጨረሻ አይጠራም። ገጹ መጀመር ካልቻለ «ገጽ ጨርስ» አይባልም። የድሮው የማተሚያ ኮድ ይህን የሚከታተለው በብዙ እውነት ወይም ውሸት ባንዲራዎች ነበር፤ እያተምን ነው ወይ፣ ቅድመ እይታ እየሠራን ነው ወይ፣ ዳታው ተጭኗል ወይ። አራት ባንዲራ 16 ሁኔታ ይፈጥራል፤ ግማሹ ትርጉም የለውም። አንድ የሁኔታ ዝርዝር ይበቃል፦ አልተጀመረም፣ እየተዘጋጀ ነው፣ ሰነዱ ተከፍቷል፣ ገጽ ላይ ነን፣ አልቋል፣ ከሽፏል። ስህተት ሲመጣ የት እንደነበርሽ ታውቂያለሽ፤ ምን መዘጋት እንዳለበትም ከዚያው ይነበባል። ይህን ለውጥ ግን የመጀመሪያ ፓችሽ አታድርጊው። ትልቅ ነው፤ የሚገመግመውም ሰው ይደክማል።

ስለ ክሮሚየም (ክሮም የተሠራበት ኮድ) ባጭሩ፦ አጥንቱ ተመሳሳይ ነው። እዚያም ገጹን የያዘው ፕሮሰስ ፕሪንተር አይነካም። ሥዕሉ ስኪያ በሚባል የሥዕል ላይብረሪ ይዘጋጃል፤ ቅድመ እይታው ፒዲኤፍ ሆኖ ይታያል። ስለ ስም መጣል ያልኩት ሁሉ እዚያም ይሠራል።

ስህተቱ ስሙን እንደያዘ ላይ ከደረሰ መልእክቱ ላይ ትንሽ ማሰብ ይቀራል። «በማተም ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ለካሸር መንገር ምን ይጠቅማታል? ስህተት መፈጠሩንማ አየችው። በብዛት ከሚያጋጥሙት አንዱን ውሰጂ። የዩኤስቢ ፕሪንተሩን ሰው ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰካዋል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይቆጥረውና ከስሙ ኋላ «ኮፒ 1» ጨምሮ ይመዘግበዋል። ፋየርፎክስ ግን የሚያስታውሰው የድሮውን ስም ነው። እዚህ ጋ መልእክቱ «ባለፈው የተጠቀሙበት ፕሪንተር አልተገኘም፤ ከዝርዝሩ ሌላ ይምረጡ» ቢል ካሸሯ ራሷ ትፈታዋለች፣ ለእናንተም አትደውልም። በነገራችን ላይ ይህ እናንተ ጋ ከተከሰተ አባውት ሰፖርት የሚባለውን ገጽ ክፈቺ። የተቀመጡ የማተሚያ ቅንብሮችን የሚያጸዳ በተን አለ። ብዙ እንቆቅልሽ በዚያች በተን ይፈታል።

አሁን ብራውዘሩ ወደማይደርስበት ክፍል ልምጣ። ፕሪንተሩ ጠፍቷል ወይም ወረቀት የለውም እንበል። ስፑለሩ ሥራውን በደስታ ይቀበላል፤ ሥራው እሱ ነዋ። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉ ወረፋ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ከብራውዘሩ አንጻር ሁሉም ጥሪ ተሳክቷል፤ ዋሸ ማለት አይቻልም። መብራት ሄዶ ሲመለስ አምስት ደረሰኝ በአንዴ የሚተፋው ፕሪንተር ከዚህ ነው የሚመጣው።

የሥራውን ዕጣ የሚያውቀው አይፒፒ የሚባለው የማተሚያ ፕሮቶኮል ነው። ካፕስ የሚናገረው እሱን ነው፤ በፖርት 631። አርኤፍሲ 8011 ላይ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁኔታ ተቀምጦለታል፦ 3 እየጠበቀ ነው፣ 5 እየተሠራ ነው፣ 6 ቆሟል፣ 7 ተሰርዟል፣ 8 ሲስተሙ አቋርጦታል፣ 9 ተጠናቋል። ፕሪንተሩም የራሱን ምክንያት ይናገራል፤ ወረቀት አልቋል፣ ወረቀት ነክሷል፣ ክዳኑ ክፍት ነው። ግን 9 አየሁ ብለሽም አትማዪ። ርካሽ የዩኤስቢ ፕሪንተር ላይ ብዙ ጊዜ «ተጠናቋል» ማለት ባይቶቹ በሙሉ ተልከዋል ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ቢነክስ የሚናገር የለም። ስለዚህ ብራውዘሩን «ታትሟል» እንዲል ለማድረግ አትድከሚ። «ለስፑለሩ አስረክቤያለሁ» እና «ማስረከብ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ይሄ ነው» የሚሉትን ሁለቱን በትክክል ከተናገረ ድርሻውን ተወጥቷል።

እንግዲህ ሲስተማችሁ ምን ያድርግ? ደረሰኙን ከወረቀቱ ለዩት። ገንዘቡ ሲከፈል ደረሰኙ ቁጥር ይሰጠውና ይመዝገብ፤ ሒሳቡ የሚታረቀው በዚያ ነው። ወረቀቱ የደረሰኙ ቅጂ ነው። ካሸሯ «አትም» በተጫነች ቁጥር የማተም ጥያቄ ብላችሁ ከነሰዓቱ መዝግቡ። ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ወረቀቱ ላይ «ድጋሚ» የሚል ይውጣበት። ከታተመ በኋላ «ወረቀቱ ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ማስቀመጥ አያሳፍርም፤ ያንን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሰው እሷ ብቻ ናት። የግድ በኮድ እንወቅ ካላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ትንሽ ሰርቪስ ጽፋችሁ በእሱ በኩል ለካፕስ ላኩና ሁኔታውን በአይፒፒ እየጠየቃችሁ ተከታተሉ። ዊንዶውሶቹ ላይም የስፑለሩን ወረፋ መጠየቅ ይቻላል።

ፋየርፎክስ ላይ ያለ ምንም መስኮት በቀጥታ የሚያትም ቅንብር አለ፤ ክሮም ላይም የኪዮስክ ማተሚያ የሚባል አማራጭ አለ። ካሸሮች ይወዱታል፣ ፈጣን ነው። እኔ ግን ስህተት የመያዝ ችግር ላለበት ቦታ አልመክረውም። የተሳሳተ ፕሪንተር መመረጡን የምታይበት ብቸኛ መስኮት ያ ነበርና።

ደረሰኙ በአማርኛ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሪ። ፊደሉን ከዌብ ፎንት የምታመጡ ከሆነ ፎንቱ ወርዶ ሳያልቅ ፕሪንት ከተባለ በሌላ ፎንት ይታተማል፤ ማሽኑ ላይ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ከሌለ ደግሞ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ብራውዘሩ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም። ከማተም በፊት በሚነሳው ቢፎርፕሪንት ላይ እንጠብቃለን ብትሉም አይሆንም፤ ያ ኢቨንት ወደፊት የሚመጣን ነገር አይጠብቅም። ፎንቶቹ ዝግጁ መሆናቸውን የሚናገረውን ፕሮሚስ ጠብቃችሁ፣ ከዚያ ነው የፕሪንት ትእዛዙን መጥራት።

ወደ ኮዱ ልመለስና ልጨርስ። ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከመጻፍሽ በፊት ስህተት ማምረት ተማሪ። ፕሪንተር እንኳ አያስፈልግሽም። ኡቡንቱው ላይ የማተሚያው መስኮት ተከፍቶ እያለ ካፕስን አስቁሚ። መስኮቱ ላይ የተመረጠውን ፕሪንተር ከሌላ ተርሚናል ሰርዢው። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ፋይል ሲስተም ሠርተሽ ጊዜያዊ ፋይሎቹ እዚያ እንዲገቡ አድርጊና ረጅም ሰነድ አትሚ። መጻፍ የማይፈቀድልሽ ፎልደር ውስጥ ፒዲኤፍ ለማስቀመጥ ሞክሪ። መቶ ገጽ እየታተመ የታቡን ፕሮሰስ ግደዪው። ዊንዶውሱ ላይ የፕሪንት ስፑለር ሰርቪሱን አስቁመሽ ፕሪንት በዪ። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ምን መልእክት መጣ፣ ጊዜያዊ ፋይል ቀረ ወይ፣ ቀጥሎ ሌላ ሰነድ ማተም ተቻለ ወይ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ የከሸፈ ሥራ «እያተምኩ ነው» የሚለውን ሁኔታ ሳያጠፋ ከቀረ ከዚያ በኋላ ያለው ማተም ሁሉ ይታገዳል፤ ካሸሯም ብራውዘሩን ዘግታ ትከፍታለች።

ካገኘሻቸው ውስጥ ትንሹን ምረጪ። አንድ ፈንክሽን፣ አንድ የተጣለ ስህተት፣ ያንን የሚያሳይ አንድ ቴስት። ቴስት የሌለው የስህተት አያያዝ ለውጥ ቢገባ እንኳ ዕድሜ የለውም፤ በተሳካ ጊዜ ኮዱ ስለማይነካ የሰበረው ሰውም አያውቅም። የሞዚላ የስህተት መመዝገቢያ በሆነው ቡግዚላ ላይ «ኮር» በሚለው ስር የማተም ክፍሎች ለብቻቸው አሉ፤ መስኮቱና ምርጫው ላይ ያለው «ፕሪንቲንግ ሴትአፕ»፣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ነገር «ፕሪንቲንግ አውትፑት» ውስጥ ይገባል። ችግሩ ድሮ ያልነበረ ከመሰለሽ ሞዝሪግሬሽን የሚባለው መሣሪያ የትኛው ለውጥ እንዳመጣው እያጠበበ ያሳይሻል።

ሪፖርቱ ላይ ከአባውት ሰፖርት የማተሚያውን ክፍል ገልብጠሽ ለጥፊ። ከመለጠፍሽ በፊት ግን የፕሪንተሮቹን ስም እዪው። ቡግዚላ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የኔትወርክ ፕሪንተር ስም ውስጥ ደግሞ የክሊኒኩ ስምና የክፍሉ ቁጥር መግባቱ የተለመደ ነው።